የላይብረሪው ቁልፍ ተሰጠኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ላይብረሪ የሚባል ክፍል አለ፤ ግን ለዓመታት ተዘግቶ ነው የኖረው። በቅርቡ ማኔጅመንቱ ቁልፉን ሰጠኝና ‹አንቺ ሥራ አስጀምሪው› አለኝ። በጀት የለም። አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ኢንተርኔቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። መጻሕፍቱ አሮጌ ናቸው። ሠራተኛው አዲስ ነገር የሚሰማው ከቴሌግራም ነው። ከየት ልጀምር? አዳዲስ መረጃስ እንዴት ላድርስ? ማታ ማታስ ቁልፉን ምን ላድርገው?»

ሲስተር፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በሆስፒታል ላይብረሪ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። እንዲህ ዓይነት ቁልፍ የተሰጣቸው ሰዎችም አጋጥመውኛል። አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ወር አቧራ በመጥረግና መጽሐፍ በመቁጠር ይጨርሱታል። ወሩ ሲያልቅ ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ የሚገባበት ሰው ግን የለም። እርስዎ እዚያ ውስጥ እንዳይገቡ እፈልጋለሁ። ክፍሉ ለጊዜው እንደተዘጋ ይቆይ። መጀመሪያ አንድ ደብተር ይግዙ።

ደብተሩ የጥያቄ ደብተር ነው። ለአንድ ወር ያህል ጠዋት ሞርኒንግ (የሐኪሞቹ የጠዋት ስብሰባ) ላይ ይቀመጡ። ራውንድ ሲወጣ፣ ሐኪሞች ታካሚዎቹን አልጋ ላልጋ እየዞሩ ሲያዩ፣ አብረው ይዙሩ። «ይሄ ነገር እንዴት ነበር?»፣ «መጠኑ ተቀይሯል የሚባለው እውነት ነው?»፣ «የምታጠባ ብትሆንስ?» የሚባለውን ሁሉ ይጻፉ። ቀኑን፣ ክፍሉን፣ ጥያቄውን፣ መልሱ እስከ መቼ እንደሚፈለግ። የታካሚ ስምና የካርድ ቁጥር ግን በፍጹም አይግባበት። «የ30 ዓመት ሴት፣ ትናንት የወለደች» ከተባለ ለመፈለግ ይበቃል።

ዘዴው የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ገርትሩድ ላም የሚባሉ ላይብረሪያን በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ካንሳስ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ላይብረሪያኖች ከሐኪሞች ጋር ራውንድ የሚወጡበትን አሠራር ጀመሩ። ጥያቄ የሚነሳው አልጋው አጠገብ ነው። ዱቲ ላይ ያለ ሰው «በኋላ አየዋለሁ» ይላል። በኋላ ደግሞ ሌላ ታካሚ ይመጣል፤ ጥያቄው እዚያው ይቀራል። ይህን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ነርስ መሆንዎ ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው። የቤተ መጻሕፍት ትምህርት የለኝም ብለው አይጨነቁ። መጽሐፍ መመደብ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። የዋርድ ጥያቄ ሰምቶ መረዳት ግን ዓመታት ይፈጃል፤ እርስዎ ያንን ይዘው ነው የመጡት።

ማኔጅመንቱ «ላይብረሪ ምን ይጠቅማል?» ካለዎት ደግሞ አንድ ጥናት ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ነው፤ የሮቼስተር ጥናት ይባላል። በኒውዮርክ ግዛት፣ በሮቼስተር አካባቢ ባሉ 15 ሆስፒታሎች፣ ሐኪሞች እያከሙት ስላለ ታካሚ ላይብረሪያቸውን እንዲጠይቁ ተደረገ። መልስ ከሰጡት 208 ሐኪሞች 80 በመቶው ባገኙት መረጃ የተነሳ ከሕክምናው ቢያንስ አንዱን ነገር ለውጠው እንደሠሩ፣ ወይም ሳይለውጡ እንዳልቀሩ ተናግረዋል። ሐኪሞቹ ራሳቸው የተናገሩት ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻ ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። ነገር ግን የሆስፒታል ላይብረሪ ሥራው ሕክምና ውስጥ እንደሚገባ ያሳያል።

አሁን ወደ ፍለጋው ልሂድ፤ ዋናው እሱ ነውና። ከማዋለጃ ክፍል አንዲት አዋላጅ እንዲህ ብላ ጠየቀችዎት እንበል፦ «ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስ ትራኔክሳሚክ አሲድ እንሰጣለን። ሰዓቱ ካለፈ በኋላስ መስጠቱ ይጠቅማል?»

በመጀመሪያ ጥያቄውን ይበትኑት። ታካሚዋ ማን ናት? የወለደች፣ ደም እየፈሰሳት ያለች ሴት። ምን ልናደርግላት ነው? መድኃኒቱን ልንሰጣት። ከምን ጋር እያወዳደርን ነው? ካለመስጠት፣ ወይም አርፍዶ ከመስጠት ጋር። የምንፈልገው ውጤትስ? በደም መፍሰስ እንዳትሞት። እነዚህን አራቱን በእንግሊዝኛ በወረቀት ላይ ካሰፈሩ የፍለጋ ቃላትዎ ተገኙ ማለት ነው።

ከዚያ ከላይ ወደ ታች ይፈልጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቀጥታ ጉግል ላይ ይገባና ያገኘውን አንድ ጥናት ይዞ ይመጣል። አንድ ጥናት አንድ ድምፅ ነው። መጀመሪያ የጤና ሚኒስቴርን የሕክምና መመሪያ ይመልከቱ፤ ሆስፒታሉ የሚሠራው በእሱ ነውና። ቀጥሎ የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ። ቀጥሎ ኮክሬን ላይብረሪን፤ እዚያ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው፣ ተመዝነው ይገኛሉ። የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ የሆነው ፐብሜድ የመጨረሻው ነው።

ለዚህኛው ጥያቄ ሁለተኛው ደረጃ ላይ መልስ ያገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር መድኃኒቱ ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ እንዲሰጥ ይላል። ምክሩ የቆመው በዚያው ዓመት በወጣ ዎማን በሚባል ጥናት ላይ ነው። በ21 አገሮች 20,060 ሴቶች ተሳትፈውበታል። በደም መፍሰስ የሞቱት መድኃኒቱን ካገኙት 1.5 በመቶ፣ ካላገኙት 1.9 በመቶ ነበሩ። በ3 ሰዓት ውስጥ ለተሰጣቸው ጥቅሙ ጎላ ብሎ ታይቷል፤ ከዚያ በኋላ ለተሰጣቸው ግን ጥቅም አልታየም። እንግዲህ ለአዋላጇ የሚሰጡት መልስ ሁለት መስመር ነው፤ ከሥሩ ምንጩና ዓመቱ ይጻፍ። መጠኑን ከመመሪያው ገጽ ላይ ራሷ እንድታነብ ገጹን ይስጧት። «ስጪ»፣ «አትስጪ» ማለት የእኛ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ትክክለኛውን ገጽ በሰዓቱ እጇ ላይ ማድረስ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ደም እየፈሰሰ ማንም ወደ ላይብረሪ አይሮጥም፤ መሮጥም የለበትም። እንዲህ ያለው መልስ ቀድሞ ተፈልጎ፣ ታትሞ፣ ማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ከላዩ ላይ የተለጠፈበት ቀን፣ ከታች ደግሞ መቼ ዳግም እንደሚታይ ይጻፍበት። ቀን የሌለው ወረቀት ግድግዳ ላይ ሃያ ዓመት ይኖራል።

ፐብሜድ ላይ መፈለግ ግድ ሲሆን ጥቂት ዘዴ ይበቃዎታል። ሁለት ሐሳብ ሲያገናኙ «እና» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል (AND) በትልልቅ ፊደል መሃላቸው ያስገቡ። ለአንድ ነገር ሁለት ስም ካለ «ወይም» የሚለውን (OR)። ከዚያ በግራ በኩል ካሉት ማጣሪያዎች ሙሉ ጽሑፉ በነፃ የሚገኘውን፣ ሥርዓታዊ ዳሰሳ (ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ጽሑፍ) የሆነውን፣ ያለፉትን 5 ዓመታት ይምረጡ። ሺህ የነበረው ውጤት ወደ ጥቂት ይወርዳል። ፐብሜድ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለሁሉም ነፃ ነው። መፈለጊያ ስለሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የጽሑፉን አጭር መግለጫ ብቻ ነው። አጭር መግለጫ አንብቦ ሕክምና መቀየር ደግሞ አደገኛ ነው።

ሙሉ ጽሑፉን ለማግኘት ሂናሪ አለልን። ሂናሪ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው። አሁን ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል ማዕቀፍ ውስጥ ይገኛል። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች መካከል ናት። ሌላው ዓለም በብዙ ዶላር የሚገዛውን ጆርናልና መጽሐፍ የእኛ ሆስፒታል ያለ ክፍያ መክፈት ይችላል! ይህን ሳስብ ሁሌም ይቆጨኛል፤ በር ክፍት ሆኖ ሳለ የማንገባበት ብዙ ነንና። የሚመዘገበው ተቋም ነው፤ ግለሰብ አይመዘገብም። ስለዚህ ጥያቄው በሆስፒታሉ ስም ይቅረብ። ከዚያ በፊት ግን ሆስፒታሉ ቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ ያጣሩ። ብዙ ቦታ አንድ ሰው አስመዝግቦ፣ የይለፍ ቃሉን ይዞ ተቀይሮ ሄዷል። ሲያገኙት ደግሞ በቴሌግራም ግሩፕ እንዳይለቁት አደራ። የይለፍ ቃል ከተቋሙ ውጭ ከወጣ፣ ወይም አንድ ሰው ባንዴ ብዙ ጽሑፍ ካወረደ ሊዘጋ ይችላል። በአንድ ሰው ጥፋት ሆስፒታሉ በሙሉ ይቀጣል።

ከሂናሪ ውጭ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። ፐብሜድ ሴንትራል ላይ ያለው ሁሉ ሙሉ ጽሑፍ ነው፤ ነፃ ነው። እዚያው ሰፈር ላክትሜድ አለ። የምታጠባ እናት ስለምትወስደው መድኃኒት የሚናገር ስለሆነ ለአዋላጆች ወርቅ ነው። ስታትፐርልስ የሚባሉትን አጫጭር የሕክምና ጽሑፎች ለክለሳ ይጠቀሙባቸው። የኮክሬን ባለ አንድ ገጽ ማጠቃለያ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ለሁሉም ክፍት ነው። ለአገራችን ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተመውን የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናልን፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲውን የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናልን፣ እና የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይንን ይያዙ። የውጭ ጆርናል ብቻ ማንበብ የለብንም። የእኛ ታካሚ፣ የእኛ ላብራቶሪ፣ የእኛ የመድኃኒት መደርደሪያ ከውጭው ይለያል።

ኢንተርኔት የሚቆራረጥ ከሆነ ሲመጣ ማውረድ ነው መፍትሔው። ኔቱ ደህና የሚሆንበትን ሰዓት እርስዎ ያውቁታል፤ ብዙ ቦታ በማለዳ ነው። መመሪያዎቹን በፒዲኤፍ አውርደው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ይክፈቱ። የእያንዳንዱ ፋይል ስም በዓመት ይጀምር፦ መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ያወጣው ድርጅት፣ ቀጥሎ ርዕሱ። እንዲህ ከሆነ አሮጌው ከአዲሱ ጋር አይምታታም። አዲስ እትም ሲመጣ አሮጌው «የተሻረ» በሚል ፎልደር ውስጥ ይግባ። ይህንኑ ፎልደር በየዋርዱ ኮምፒውተር ላይ ይገልብጡት። ፍላሽ ሲጠቀሙ ግን ለዚህ ብቻ የሚሆን አንድ ፍላሽ ይመድቡ፤ ካልሆነ ቫይረሱን ከዋርድ ወደ ዋርድ ይዘውት ይዞራሉ። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራምም አለ። የዊኪፒዲያን የሕክምና ክፍል ያለ ኢንተርኔት ስልክ ላይ ያነባል። ለጠቅላላ ዕውቀት ጥሩ ነው፤ የመድኃኒት መጠን ግን ከዚያ አይወሰድም።

መጻሕፍቱስ? እዚህ ላይ የራሴን ልንገርዎት። በአንድ ሆስፒታል ስሠራ አንድ ወጣት ሐኪም ማታ መጣ። ከባድ ወባ የያዘው ሕፃን ነበረው። ቸኩሎ ነበር፤ እኔም ቸኮልኩ። ከመደርደሪያው ወፍራሙን የሕፃናት ሕክምና መጽሐፍ አውጥቼ ሰጠሁት። ዓመቱን አላየሁም። መጽሐፉ ኩዊኒን ይላል። ደግነቱ ፋርማሲስቷ ማዘዣውን ስታይ ደወለችለትና አርቴሱኔት ተሰጠ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አኳማት የሚባል ጥናት በ9 የአፍሪካ አገሮች 5,425 ከባድ ወባ የያዛቸውን ሕፃናት ተከታተለ። ኩዊኒን ካገኙት 10.9 በመቶ ሞቱ። አርቴሱኔት ካገኙት 8.5 በመቶ። ከዚያ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናትም አርቴሱኔት እንዲቀድም መከረ። ከ2010 በፊት የታተመ መጽሐፍ ይህን ሊያውቅ አይችልም። መጽሐፉ ሲጻፍ ትክክል ነበር። መደርደሪያው ላይ አዲስ መስሎ ስላስቀመጥነው ጥፋቱ የእኛ ነው።

ስለዚህ ክፍሉን ሲከፍቱ መጻሕፍቱን ለሁለት ይክፈሉ። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ የሰውነት ምርመራ ብዙም አያረጁም፤ ይቆዩ። ሕክምናና መድኃኒት የሚናገሩትን ግን ዓመታቸውን ይዩ። ከ5 ዓመት ያለፈውን ሁሉ ቢያንስ «ለሕክምና ውሳኔ አይጠቀሙ፤ አዲሱን መመሪያ ይዩ» የሚል ወረቀት ይለጥፉበት። በጣም ያረጀውን ያውጡ። ስጦታ ነው፣ የፈረንጅ መጽሐፍ ነው፣ ወፍራም ነው ብለው አይሳሱ። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ግን ራስዎ አይጣሉት፤ በንብረት ክፍል በኩል በሥርዓቱ ይወገድ። ካልሆነ ነገ በኦዲት ተጠያቂ ይሆናሉ።

አሁን ቴሌግራም። እንዳይዋጉት። ሠራተኛው ያለው እዚያ ነው፤ እርስዎም እዚያ ይሂዱ። ችግሩ ቴሌግራሙ ላይ አይደለም። የሚዞረው ፒዲኤፍ ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንደወጣ አይታወቅም፤ ችግሩ ያ ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ብቻ ያለበት ቻናል ይክፈቱና በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁሌም በአንድ ቀን፣ አጭር ዜና ይልቀቁ። ከሦስት ነገር አይብለጥ። ሰው ዱቲ ሩም ውስጥ ሻይ እየጠጣ አንብቦ የሚጨርሰው መሆን አለበት። እያንዳንዱ ዜና ምን እንደተቀየረ፣ ማንን እንደሚመለከት፣ እኛ ጋ ዕቃው ወይም መድኃኒቱ መኖር አለመኖሩን፣ ምንጩንና ዓመቱን ይናገር። ናሙና ልጻፍልዎት፦

«ለማዋለጃ ክፍል። ከወሊድ በኋላ የፈሰሰውን ደም በዓይን ከመገመት ልኬት ባለው ማጠራቀሚያ መለካት፣ ከዚያም ማሕፀን ማሸት፣ ማኮማተሪያ መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር ፈሳሽ እና ምርመራን፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ባንድነት መስጠት። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ በ80 ሆስፒታሎች ተሞክሮ ከባድ የደም መፍሰስ፣ ለዚያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ሞት አንድ ላይ ሲታይ ከ4.3 ወደ 1.6 በመቶ ወርዷል። ኢሞቲቭ ጥናት፣ 2023። ማጠራቀሚያው እኛ ጋ የለም፤ ጥያቄው ለግዢ ቀርቧል። አሠራራችን እስኪቀየር ባለው መመሪያ ይቀጥሉ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይያዙልኝ። ዜና መመሪያ አይደለም። አንድ ሰው የእርስዎን ዜና አንብቦ ለብቻው ሕክምና እንዳይቀይር በግልጽ መናገር አለብዎት። ከመልቀቅዎ በፊትም ሜዲካል ዳይሬክተሩ ወይም የኳሊቲ ክፍሉ ይየው። በሳምንት አሥር ደቂቃ አይከብዳቸውም።

ዜናውን ከየት ያገኛሉ? ፐብሜድ ላይ ነፃ አካውንት ከፍተው ፍለጋዎን ያስቀምጡ። «አዲስ ነገር ሲወጣ በኢሜይል ላክልኝ» ማለት ይችላሉ፤ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ። የፍለጋ ርዕሶቹን ከራስዎ አይፍጠሩ። ከጥያቄ ደብተሩ ይውሰዱ። ዋርዱ ስለ ስኳር፣ ስለ ወባና ስለ ጨቅላ ሕፃናት ከጠየቀ ሦስት ማሳወቂያ ይበቃዎታል። የጤና ሚኒስቴርን፣ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን እና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ገጾች ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ይዩ። የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ሳምንታዊውን ዜና አይጠብቅ፤ የዚያኑ ቀን ይለቀቅ።

አሁን አሁን ቻትጂፒቲን የሚጠይቁ ወጣት ሐኪሞች በዝተዋል። አልቆጣቸውም። ግን አንድ ልማድ አስተምሬያቸዋለሁ። የሰጣቸውን ጥናት ርዕስ ፐብሜድ ላይ ይፈልጉ። ጭራሽ የሌለ ጥናት፣ የሌለ ገጽ፣ ያልተባለ ቁጥር ሲሰጥ በዓይናችን አይተናል። ፐብሜድ ላይ ካልተገኘ ዋርድ ውስጥ አይነሳም።

ብቻዎን አይሥሩት። ፋርማሲ ውስጥ የመድኃኒት መረጃ አገልግሎት የሚባል አለ፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። እዚያ ያለውን ፋርማሲስት ያግኙት። የመድኃኒት ጥያቄ ለእሱ፣ ሌላው ለእርስዎ፤ ደብተሩ ግን አንድ ይሁን። ሦስት ወር ሲሞላ ደብተሩን ይዘው ማኔጅመንቱ ዘንድ ይግቡ። «ላይብረሪው ይጠቅማል» ከማለት «በሦስት ወር ይህን ያህል ጥያቄ መጣ፣ ይህን ያህሉን መለስኩ፣ ይህን ያህሉን በኔት ምክንያት አልመለስኩም» ማለት ይሻላል። ያኔ የኔት ፓኬጅ ሲጠይቁ ቁጥር ይዘው ነው የሚጠይቁት።

ቁልፉን በተመለከተ፦ ቤትዎ ይዘውት አይሂዱ። ጥያቄ ከሚበዛባቸው ሰዓታት አንዱ ሌሊት ነው፤ ሲኒየሮቹ የማይገኙበት ሰዓት ነውና። አንዱ ቁልፍ የዱቲ ሱፐርቫይዘሩ ጋ ይቀመጥ፤ የወሰደው ሰው ስሙንና ሰዓቱን ይፈርም። ከጥያቄ ደብተሩ ጋር የተያያዘ እስክሪብቶ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ይሁን። ሌሊት የመጣ ሰው መልሱን ባያገኝ እንኳ ጥያቄውን ጽፎ ይሄዳል፤ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ይሆናል።